ፒያሳ ቁጭ ብሎ የባሕር ሞተር መጠገን

ስልክ ላይ የሚጮህ ሰው አልወድም። እናንተስ? ፒያሳ መቼም ማኪያቶ ይዞ የሚጮህ አይጠፋም። አንዱ ቤት ያሻሽጣል፤ ሌላው ምኒልክ አደባባይ ጥግ ቁጭ ብሎ ሚስቱን «መገናኛ ደርሻለሁ» ይላታል። እኛም ስንሰማ እንውላለን። ምን እናድርግ፣ ጆሮ ክዳን የለው!

ጋሽ ታምራት ግን ጮኸው አያውቁም ነበር። ዶሮ ማነቂያ ጎረቤቴ ናቸው። የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው፤ ምጽዋ ላይ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ። ባሕሩ ከቀረ ወዲህ የሚኒባስና የጄኔሬተር ሞተር እየጠገኑ አንድ ልጅ አሳደጉ። ስሙን ዮናስ አሉት። የባሕር ሰው ልጁን ዮናስ ይላል እንዴ? እኔ ብሆን ሙሴ እለው ነበር፤ ቢያንስ ባሕሩን ከፍሎ ይሻገራል።

ዮናስ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄደ። ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኛለሁ አለ። ከዚያ እናቱ ታመመች። ና ተባለ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ሞተች። ለቀብሯም አልደረሰ። ለቅሶው ላይ ሲደውል አጠገባቸው ነበርኩ። ጋሽ ታምራት በዚያው በለስላሳ ድምፃቸው «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» አሉና ዘጉት። አምስት ዓመት ሙሉ ስሙ በዚያ ቤት አልተነሳም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካፌ ተቀምጠን ስልካቸው ጠራ። የማያውቁት የውጭ ቁጥር ነው። «ሎተሪ ደርሶዎታል የሚሉት ይሆናሉ፣ አያንሱት» አልኳቸው። አነሱት። ጆሯቸው ስለደከመ ስፒከር ላይ ነው የሚያወሩት።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። እንዳትዘጋው። ባሕር ላይ ነኝ፤ ሞተሩ ጠፋብን።»

አስተናጋጅነቱ ውሸት ኖሯል። የሚሠራው የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የሸራ ጀልባ ላይ ነው። አባቱ ባሕር እንደማይወዱለት ስለሚያውቅ ደብቋቸው ነበር። አሁን ነፋሱ ቆሟል፤ ሸራው ገመድ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ ተንጠልጥሏል። ፈረንጁ ታሞ ተኝቷል። ውሃው ጀልባዋን ቀስ እያለ ወደ አለት ይገፋታል። መልሕቅ እንዳይጥሉ ጥልቅ ነው። ወደብ ቢደውሉ «ሁለት ሰዓት ጠብቁ» ተብለዋል። አለት ሁለት ሰዓት ይጠብቃል?

ጋሽ ታምራት ፊታቸው አመድ መሰለ። ወይ ይሳደባሉ ወይ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ምን አሉ መሰላችሁ?

«በድንገት ነው የጠፋው ወይስ እያሳለ?»

«እያሳለ።»

«እንግዲያው ናፍጣ አልደረሰውም። ተርቦ ነው የሞተው።»

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አራዳ ውስጥ የናፍጣ መኪና ከቆመ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ኖዝሉ ነው» ይላል። ሐኪም ሁሉን «ጨጓራ ነው» እንደሚለው። በዚያች ሰዓትም ከጀርባችን አንድ የታክሲ ሹፌር «ኖዝሉ ነው» አለ። አስተናጋጇ ገላመጠችው። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ።

ናፍጣ አለ ወይ አሉት። ጌጁ ግማሽ ይላል አለ። ጌጅ ይዋሻል፣ እንጨት ከተህ እይ አሉት። እውነትም ግማሽ ነው። እንግዲያው ናፍጣው መንገድ ላይ ተይዟል። ማጣሪያው ሥር ያለውን ብርጭቆ እየው አሉት። ታቹ ውሃ፣ ላዩ ጥቁር ዝቃጭ። አፍስሰው፣ ማጣሪያውንም ለውጠው አሉ። ትርፍ የለንም አለ።

«አለ! ፈረንጅ ትርፍ ሳይዝ ባሕር አይገባም። አልጋው ሥር ፈልግ።»

አልጋው ሥር ተገኘ።

«አሁን አየር ገብቶበታል። ማጣሪያው አናት ላይ ያለችውን ቡሎን አላላትና በእጅ ፓምፑ ግፋ። አረፋው እስኪያልቅ ግፋ።»

ገፋ። አረፋ። ገፋ። አረፋ። ከሩቅ ውሃ አለት ሲመታ ይሰማናል። በዚህ መሀል ልጁ እያለከለከ «አባባ፣ እማዬ ስትሞት እኮ እኔ...» አለ።

«አየሩን አስወጣ!»

ጮኹ። ጋሽ ታምራት ጮኹ። ባንኮኒው ላይ የተደረደረው ብርጭቆ የደነገጠ መሰለኝ። ልጁም ዝም ብሎ ገፋ።

አረፋው ግን አላልቅ አለ። የሆነ ቦታ አየር ይስባል አሉ፤ ከታንኩ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ጫፉን በጣትህ ዳብሰው። ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን ቁረጥና ደህናውን መልሰህ ሰካ፣ በደንብም እሰረው። አሰረው። ገፋ። አረፋው አለቀ። ቡሎኗ ጠበቀች። ባትሪው ግን ደክሟል፤ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስሞክረው።

መጀመሪያ አቃስቶ ቀረ። ካፌው ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ሁለተኛው ላይ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ! ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ታምራት ውሃ ጠየቁ።

ማታ «ደርሰናል» የምትል መልእክት ገባች። በቃ፣ ይህችው ናት። በማግስቱ ደወሉለት። ስልኩ የፈረንጁ ነበር፤ አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ ታወራለች። «የኔ ልጅ፣ እባክሽ ዮናስን አቅርቢልኝ» አሏት። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ባልነግራቸው ይሻል ነበር።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ልጁም አልደወለ። ጋሽ ታምራት ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስ ይሳለማሉ። ሰፈርተኛው ደስ አለው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ቂማቸውን ጥለዋል፤ ለልጃቸው ደኅንነት ነው የሚጸልዩት ተባለ። እኔም ባለፈው ሰኞ ከቅጥሩ ሲወጡ አገኘኋቸውና «አይዞዎት፣ ጊዮርጊስ ይጠብቀዋል» አልኳቸው።

ቆም ብለው ግራ ቀኝ አዩ።

«ላንተ ብቻ ልንገርህ። የምለምነው ሞተሩ ደግሞ እንዲጠፋበት ነው።»

ደነገጥኩ።

«አለት በሌለበት!» አሉ ቶሎ ብለው። «ማዕበል በሌለበት፣ ኔትወርክ ባለበት። ትንሽ አየር ብቻ ትግባበት።»

የወለደ አልጸደቀም የሚሉት ለካ ይህን ነው።

«ግን አይጠፋም» አሉ መንገዱን እያዩ። «ቱቦውን በደንብ ነው ያሳሰርኩት።»