የሚይዘውን የሚያጠፋ ሰው

ፈጣን መኪና ገዝቶ፣ ጎማው ሲንሸራተት ጉልበት ቀንሶ የሚይዘውን ትራክሽን ኮንትሮል የሚያጠፋ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? መኪናው ከባለቤቱ በላይ ሲያስብ ደስ አይለውም። እኔ ያጋጠመኝ ጎረቤቴ ደረጀ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ። በስደት በምኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም።

በረዶ የጣለ ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ ትራክሽን ኮንትሮሉን የምታጠፋዋን ቁልፍ ተጫናት።

«ጋሼ፣ ወንድ ልጅ በኮምፒውተር አይያዝም!»

ነዳጅ ረገጠ። መኪናው እንደ ደነበረ በቅሎ በጎኑ ሄዶ የበረዶ ክምር ውስጥ ተሰካ። ከቅዳሴ የወጡ እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ገፍተው አወጡን።

«የሚይዝህን የምታጠፋ ደደብ! ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኳ!» አልኩት።

ታዛዥ ነው፤ አላንኳኳም።

አሁን በአውቶቡስ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ አይንሸራተትም፤ ጋሼ የሚለኝም የለበትም። እታች መኪና ባጓራ ቁጥር ግን በመስኮት ብቅ እላለሁ።