ለአቤቱታ የሄዱት አባት

በልጁ ትምህርት ቀልድ የማያውቅ ወላጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ እዚህ ባሕር ማዶ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ታክሲ ነጂው ጋሼ መኮንን። በቀደም ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሶልያና ጣቶቿ ቀለም በቀለም ሆነው ብትመጣ ደማቸው ፈላ።

«ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ስለ አቦርጂናሎቹ እየተማሩ ነው አሉ፤ ነጠብጣብ በመሣል! ልጄ በነጠብጣብ ነው ዶክተር የምትሆነው?»

በማግስቱ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ትምህርት ቤት ገሰገሱ።

አቤቱታ እንዳላቸው ብነግራት መምህርቷ በፈገግታ ተቀበለችን። «የአቦርጂናሎቹን ሥዕል አንገለብጥም፤ የባለቤቶቹ ነው» አለች። «መሬትና መንገድ በሥዕል እንደሚተረክ ግን ከእነሱ ተምረናል። ዛሬ ልጆቹ ከቤት እስከዚህ የሚመጡበትን መንገድ በነጠብጣብ ይሥላሉ።»

ተርጉሜ ሳልጨርስ ጋሼ የሶልያናን ወረቀት አዩ። «ምን ነካሽ ልጄ? በዚህ በኩል እኮ መንገዱ ተቆፍሯል!»

«ዳዲ፣ ኢትስ ማይን! የኔ ነው!»

ማን ሰምቷት! ጋሼ ትንሿ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጡና ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። የትራፊክ መብራቱን ሣሉ፤ ማደያውን ሣሉ። ሶልያናም ኩርፊያዋን ረስታ አጥር ሥር አንድ ቡችላ ጨመረች።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው? በዚያ መንገድ ስመላለስ አይቼው አላውቅም።»

«ዩ ኔቨር ሉክ፣ ዳዲ፤ አታይም እኮ።»

ጋሼ ለቡችላው በጥንቃቄ ጅራት ሠሩለት።

መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። «አቤቱታ አላቸው ብለኸኝ አልነበር?»

ጠየቅኋቸው። ጋሼ ቀና ሳይሉ መለሱ፦

«አዎ፣ ቢጫው ቀለም አንሶናል በላት።»