የእኔ መስታወት በእሱ እጅ

አንዳንድ ባል ዕቃ ሲበላሽ ባለሙያ ይጠራል፤ አንዳንዱ ካቻቪቴ ያነሳል። ነፍሱን ይማረውና የእኔው ታደሰ ከሁለተኞቹ ነበር። ሙያው የሂሳብ ሥራ ነበር፤ ይህ ግን አንድም ቀን አግዶት አያውቅም።

የአሮጌዋ ፒክአፓችን የበር መስታወት ማውረጃ ስዊች በተቃጠለ ጊዜ፣ ሁለት ተራ ስዊቾች ገዝቶ ቅዳሜን ከሰዓት ሙሉ ሲታገል ዋለና በየበሩ አንዳንድ ተከለ። ሠራ። የእሱን ሲጫን የእኔ መስታወት ይወርዳል፤ የእኔን ስጫን የእሱ። «ዋናው መሥራቱ ነው!» አለና እጁን ታጠበ።

እንዴት እንደኖርን ልንገራችሁ? በምንኖርበት በሰው አገር፣ ቡሉክ ሰፈር ካለው ኬላ ላይ ወታደር ሲያስቆመን ታደሰ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አስኩ፣ እስቲ ክፈቺልኝ» ይላል። ወታደሩም አለቃዋ እሷ ናት ብሎ ወረቀቱን ከእኔ ይጠይቃል። ተኳርፈን ስንሄድ ደግሞ እኔ እሱን በሙቀት እቀጣዋለሁ፤ እሱ እኔን በአቧራ። ኮር ዊሊያም ሰፈር ሳንደርስ እንታረቃለን። ምን ምርጫ አለን!

እሱ ሲሞት መሪው ለእኔ ቀረ። አንድ ቀን ያው ወታደር ብቻዬን አስቆመኝ፤ መስታወቴን ላወርድ ወደ ባዶው ወንበር ተንጠራራሁ። መሣሪያ የማወጣ መስሎት ጠመንጃውን አቀባበለ። መኪናዋን ካላሠራሁ ከባሌ ጋር ቶሎ እንደምገናኝ ያኔ ገባኝ።

ሙኑኪ ሰፈር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዮናስ ፊውዙን አየ፣ የበሮቹን ሽፋን ፈታ፣ ሞተሮቹን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ ሞከረ። ሁሉም ደህና። ሽቦውን ሲከተል ግን ሳቁ አመለጠው።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ ብልሽት አይደለም፤ ትዳር ነው! እንዲህ አጣምሮ የገጠመው ማነው? ላስተካክለው ወይስ ይቅር?»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ናስትሮ አልቆበት ኖሯል፣ ታደሰ ሽቦውን በቁስል ፕላስተር ጠቅልሎታል። ከእኔው መሳቢያ የጠፋው ፕላስተር! ያኔ የቤት ሠራተኛዋን ነበር የጠረጠርነው፤ እሱም አብሮን ሲፈልግ ነበር።

«አስተካክለው» አልኩት፤ ፊቴን አዙሬ።

ስመለስ ወታደሩ ዳግም አስቆመኝ። መስታወቴ አጠገቤ፣ ስዊቹ ክንዴ ሥር። ለእጄ ግን ማን ይንገረው? ተዘርግቶ የባዶውን ወንበር ስዊች ተጫነ፤ የዚያኛው በር መስታወት ወረደ። ወታደሩ አሁን መሣሪያውን አልነካም። ራሱን እየነቀነቀ መኪናዋን ዞሮ መጣና አንገቱን አስገባ።

«ማማ፣ እዚህ የሚቀመጠው ማነው?»

«እኔ» አልኩት፣ ከሹፌሩ ወንበር ሆኜ።

እኔን አየ፤ ወንበሩን አየ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብሎ አሳለፈኝ።