ክቡር ጆሮ እና ሥጋ ያለው ድምፅ

አሮጌ ነገር የሚያመልክ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ የድሮ ሳሙና ይናፍቃል፤ ሌላው እንደ ድሮው የሚቆርጥ ምላጭ ጠፋ ብሎ ጺሙን ያሳድጋል። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጆሮ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም ሳያቅማሙ ተቀብለዋል።

ክቡርነታቸው ባለ ቫልቭ የድምፅ ማጉያ አላቸው። ቫልቭ ማለት እንደ ፍም የምትቀላ፣ አምፖል የምትመስል የብርጭቆ ዕቃ ናት። ዛሬም ፋብሪካዎች የድሮዋን መልክና ስም ቀድተው ያመርቷታል፤ በዓይን አይለዩም። ለክቡርነታቸው ግን የዛሬዋ «ፊቷን ታጥባ የመጣች፣ ሥጋ የሌላት» ናት። የበራቸው ደወል በአዲስ ሲቀየር ሳምንት ሙሉ ለእንግዳ አልከፈቱም። «ይሄ ደወል ይዋሻል» ነበር ምክንያታቸው።

በመጨረሻ ባለቤታቸው ታከታቸው። የአሮጌ ቫልቭ ካርቶን ቁም ሣጥኑን ሞልቶ አልጋ ሥር ገብቷል። አንድ እሑድ እኔን በዳኝነት አስቀመጡና ባላቸውን ጠሩ።

«ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር። አዲሱንና አሮጌውን እያፈራረቅሁ አሰማሃለሁ። ካልለየህ ካርቶኑ ዛሬውኑ ይወጣል።»

«ካርቶኑ ብቻ?»

«አንተንም አስብበታለሁ።»

መጀመሪያ አሮጌዎቹን ሰኩ። ክቡርነታቸው ከንፈራቸውን አጣመሙ። «አጥንት ብቻ። ይሄ የዛሬ ነው።»

ቀጥሎ አዲሶቹ ገቡ። ትከሻቸው ረገብ አለ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ይኸውላችሁ። ሥጋ ማለት ይሄ ነው።»

ባለቤታቸው የነቀሏቸውን አሮጌ ቫልቮች በጨርቅ እንደያዙ የባላቸውን ማጅራት አዩ። አሸንፈዋል፤ አልጋው ሥር ሊጠረግ ነው።

«አውቀኸዋል» አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ።

በዳኝነት ቀልጄ አላውቅም። «አውቀዋል» አልኩ።

ክቡርነታቸው ዞረው ጨርቁን ከነቫልቮቹ ከባለቤታቸው እጅ ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። «ይሄን የዛሬ ዕቃ ውሰደው። ላንተ ጆሮ ይበቃል።»

እናም ያ ሁሉ ስግደት የተሰገደላቸው ቫልቮች ዛሬ እሳቸው ባስገዙኝ ማጉያ ላይ ተሰክተዋል። ክቡርነታቸው እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ ያዳምጣሉ፤ በሐዘኔታ ጉልበቴን መታ መታ ያደርጋሉ። «አይከፋም። ሥጋ ግን የለውም።»

«ምን ላድርግ፣ እንደ እርስዎ አልተፈጠርኩ» እላለሁ።

እሳቸው ካልመጡ ማጉያውን አላበራውም፤ ቫልቭ በበራ ቁጥር ያልቃል። የእሳቸው ቫልቭ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም። ያን ዕለት «አሮጌ አገኘሁልዎ» ብዬ እነዚህኑ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሥጋ እንደሚያገኙበት አልጠራጠርም።