ሰባ ቁጥር እግር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መኪኖች ሰው ይነዱ ነበር።

ቦታው የራሳችን ደብረ ብርሃን ነው። አስፋልቱን የሞላው ሰው ነበር፤ በእጅና በእግሩ ተንበርክኮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ጭሱን ከኋላው እየለቀቀ ይጓዝ ነበር። መኪኖቹ በእግረኛው መንገድ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ቆመው ያወጉ ነበር። አንድ አሮጌ አውቶቡስ ልጁን፣ አንዲት ትንሽ ሚኒባስ፣ በመስታወቱ ይዞ ሲያሻግራት፣ «ግራ ቀኝ እያየሽ ተሻገሪ፤ የሰው ነገር ክፉ ነው» ሲላት ሰማሁ።

ይህን ሕልም ለምን እንዳየሁት አውቃለሁ። ከመተኛቴ በፊት ታላቅ ወንድሜ ደርበው ለፒክአፑ የገዛቸውን ታላላቅ ጎማዎች ከነብረት ቸርኬያቸው በግቢያችን ግንብ ላይ አስደግፎ ጠርቶኝ ነበር።

«ሊቋ፣ ይገባል?» አለኝ። በሜካኒካል ምህንድስና አንደኛ ወጥቼ ሜዳልያ አንጠልጥዬ ከተመለስሁ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ጎማውን በገመድ ለካሁ። ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው ሥር አንገቴን አስገብቼ ክፍተቱን መረመርሁ።

«ቆሞ ሳለ ይገባል» አልሁት። «መሪው ሲዞር ግን...»

«እማዬ! ይገባል አለች!» ብሎ ወደ ጓዳ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አልጨረስሁም እኮ! ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ይበላል። ፍሬኑም ለዚህ እግር አልተለካም። በጣርማ በር ቁልቁለት አይገባም!»

«አንቺ ደግሞ! መኪና ከፍ ሲል ባለቤቱም ከፍ ይላል። ነገ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ስጭንበት፣ አገሩ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያየኝ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። እኔም ይህንኑ እያብሰለሰልሁ ተኛሁ።

በሕልሜ ያ ነጭ ፒክአፓችን በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። ወንድሜን በልጓም ይዞታል። ደርበው ልጓሙን ነክሶ ፈገግ ብሎ ያየኝ ነበር።

«እንደምን አደርሽ፣ ወይዘሪት ይታይሽ» አለኝ ፒክአፑ፣ በታላቅ ትሕትና። «ይህን ልጅ እግር ላስቀይርለት ነው። የተማርሽ ነሽና አብረሽን ነዪ፤ ምስክር ትሆኛለሽ።»

«እግሩ ምን ሆነ?»

«አነሰ። ጎረቤት ሁሉ ቁልቁል ያየዋል።»

ወዲያው ጎሚስታው ቤት ነበርን። ጎሚስታው ራሱ ጎማ ነበር፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጥርሱ ሙልጭ ብሎ ያለቀ አሮጌ ጎማ። ከጣሪያው ላይ የሰው እግሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተንጠልጥለዋል። አንዳንዶቹ ገና በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ናቸው። ነፋስ ሲገባ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ።

«የፋብሪካ ልኩ ስንት ነው?» አለ ጎሚስታው።

«አርባ ሁለት» አለ ፒክአፑ። «ሰባ ይሁንለት።»

«ሰባ! እሰይ፣ ወንድ ልጅ!» አለ ደርበው ልጓሙን ተፍቶ።

ክሪኩን ከጎድኑ ሥር አስገብተው ወደ ላይ አነሡት። ጎሚስታው የቁርጭምጭሚቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ ሲፈታ ወንድሜ እንደሚኮረኮር ሕፃን ይስቅ ነበር። የድሮ እግሮቹን አውልቀው ወደ ጥግ ወረወሯቸው። እግሮቹ ጎን ለጎን ወድቀው፣ ጣቶቻቸውን ወደ እኔ አዙረው ቀሩ። በልጅነቱ ከአጥር ሲዘል ያተረፈው ጠባሳ ገና በግራው ላይ ነበር።

አዲሶቹን ገጠሙለትና ክሪኩን አወረዱት። ወንድሜ ቆመ። አናቱ ጣሪያውን ነካ። ታፋው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፊቱ ግን ያበራ ነበር።

«ሊቋ! ከፍ አልኩ እኮ! አናትሽ ይታየኛል!»

«እስቲ ዙር» አልሁት።

ሲዞር የቀኙ ተረከዝ የግራውን ቅልጥም ፋቀው። ከቆዳው የተቃጠለ ጎማ ሽታ ወጣ። አይገባም ብዬ ለመጮኽ አፌን ከፈትሁ።

«ይገባም!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ባለሙያዋ ይገባም አለች!» አለ ጎሚስታው፣ እጅ ሳይኖረው እያጨበጨበ።

ደግሜ ሞከርሁ። «ይገባም! ይገባም!» በምላሴ አፌን ዳሰስሁት፤ የቃሉ ራስ ከነበረበት ቦታ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ድድ ብቻ አገኘሁ። እምቢ ልል ስጀምር እሺ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ከግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አየሁ፤ «ውድ ደንበኞቻችን፣ "አይ" ከነዘመዶቹ አልቋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልሁ።

«ከትናንት ጀምሮ» አለ ጎሚስታው። «ደግሞስ ማን ይፈልገዋል? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ይገባል"ን ነው። እሱ በሽ በሽ ነው።»

ከዚያ ቀጥሎ ያለነው በምርመራ ጣቢያ ነበር። ቦሎዎቹ ራሳቸው ተሰልፈው የሚለጠፉበት ግንባር ይጠብቁ ነበር። «እኔ ነኝ ቀዳሚ! ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ!» እያሉ ይገፋፋሉ። አንዱ ከሰልፉ ዘሎ በወንድሜ ግንባር ላይ ተለጠፈና በእፎይታ ተነፈሰ።

ዋናው መርማሪ መነጽር ያደረገ አህያ ነበር። ከበስተጀርባው አንድ ክራቫት ያሰረ ጸሐፊ ሁለት ኩንታል ስሚንቶ ተጭኖ ቆሟል።

«አልፏል» አለ አህያው፣ ወንድሜን ቀና ብሎ ሳያይ።

«ጌታዬ፣ ፈተናውስ?»

«ፈተናው ከማለፍ በኋላ ነው።»

«የት ነው የሚፈተነው?»

«ቁልቁለቱ ላይ» አለ አህያው። ጸሐፊው ከነጭነቱ አንገቱን ደፋ።

ፒክአፑ ልጓሙን ጎተት አደረገ። ወንድሜ ወደ በሩ ሲራመድ በየእርምጃው መስኮቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። እኔ ወደ አህያው ጆሮ ጠጋ አልሁ። ሜዳልያዬ አንገቴ ላይ ነበር፤ ብረቱ እየከበደ፣ እያበጠ፣ ቸርኬ የሚያህል ሆኖ ወደ መሬት ይጎትተኝ ጀመር።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አንዲት "አይ" ያበድሩኝ።»

አህያው ግራና ቀኙን ቃኘና ጆሮዎቹን ዝቅ አደረገ። «አንዲት ቀርታኛለች» አለኝ በሹክሹክታ። «ከአባቴ የወረስኳት ናት። ገደል አፍ ስደርስ እግሬን ተክዬ የምቆመው በእሷ ነው። ሲደበድቡኝም ሆዴ ውስጥ ይዣት ኖሬያለሁ። ለሰው ብሰጣት ያባክናታል።»

«ለወንድሜ ነው።»

«እሱ ጠይቋል?»

ወንድሜ ከበሩ ወዲያ ሲስቅ ሰማሁት። «መታጠፊያው ላይ ጠብቂኝ» አለኝ አህያው፣ መነጽሩን እያወለቀ።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ከታች ወደ ላይ ይዘንብ ነበር። ዋሻው ያዛጋል። ፒክአፑ ጋቢውን አጣፍቶ በወንድሜ ጀርባ ላይ ወጣና ጉብ አለ፤ እኔንም አንሥቶ ከራሱ የጭነት ስፖንዳ ውስጥ አስቀመጠኝ። ከኋላ ሽንኩርቶች ቀበቶ አስረው በሥርዓት ተቀምጠዋል። ገበሬው ማሳው ላይ መልሶ ሊተክላቸው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለሱ ነበሩ። እኛን ባዩ ቁጥር ያለቅሱ ነበር።

እማዬ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ወንድሜ መንገድ በወጣ ቁጥር የምትመርቀውን ምርቃት ልትመርቀው እጆቿን ዘረጋች።

«ልጄ» አለች፣ «እግርህን እንቅፋት ይምታው!»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኖቿ ከጣቶቿ በላይ ፈጠጡ። ያለችውን ልታቃና ቸኮለች። «ኧረ ልጄን! ክፉ ይንካህ! ጠላት ይይህ!»

«አሜን፣ እማዬ!» አለ ወንድሜ በደስታ፣ ቁልቁለቱንም ጀመረው።

በመጀመሪያ በዝግታ የወረድን መሰለኝ። በወንድሜ ግንባር ላይ፣ ከቦሎው አጠገብ፣ ፍጥነቱን የሚያሳይ ቁጥር ይበራ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀስ በል!»

«ቀስ እያልኩ ነው! ግንባሬን እዪው፣ አርባ ይላል!»

ቁጥሩ አርባ ይል ነበር። ዛፎቹ ግን አንድ በአንድ ከነሥራቸው ተነቅለው ወደ ኋላ የሚወረወሩ ይመስሉ ነበር፤ ነፋሱም ሽንኩርቶቹን ይልጣቸው ጀመር። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ ትልቅ እርምጃ ሁለት ትንንሽ እርምጃዎችን ይውጥና አንድ ብሎ ይቆጥራል። ይህን ቀመር በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። አሁን ቀመሩ ራሱ በጉሙ ውስጥ እየሮጠ፣ የእኔኑ የእጅ ጽሑፍ ለብሶ፣ እየሳቀ ያጅበን ነበር።

«ፍሬን ያዝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ይዣለሁ! የያዝኩት ለድሮው እግር የተለካውን ነው!»

መታጠፊያው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ፒክአፑ የወንድሜን ጆሮዎች ጨብጦ አንገቱን እንደ መሪ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። አንገቱ እስከ ግማሽ ዞረና ቋ ብሎ ቆመ። የእግሩ አውራ ጣት ጎድኑ ውስጥ ተሰንቅሯል። እንደገና ያ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ። ፒክአፑም ቢሆን አሁን ፈርቶ ነበር፤ ጋቢውን ሲከናነብ አየሁት።

ወንድሜ መሳቁን አቆመ።

«ይታይሽ» አለኝ። በስሜ ጠራኝ። ድምፁ ከአጥር ወድቆ እግሩ የደማ ዕለት የነበረው ድምፅ ነበር። «ይታይሽ፣ እግሬን አይተሻል?»

በገደሉ አፍ ላይ አህያው እግሩን ተክሎ ቆሟል። እኛን ሲያይ አንገቱን ሰበቀና ከሆዱ ውስጥ የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ወደ እኔ ተፋ። አፌን ከፍቼ ቀለብኋት። መራራ ነበረች። በባዶው ድድ ላይ ልክክ ብላ ገባች። ያ ሁሉ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ የኖረው ቃል ሙሉ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ።

በዚያው ቅጽበት ከተራራው አናት፣ ከጉሙ በላይ፣ የእማዬ ድምፅ እያስተጋባ ወረደ።

«ይታይሽ! ወንድምሽ ማታ ይገባል?»

ቃሉን መያዝ አልቻልሁም።

«አይገባም!»

አህያው በሁለት ጆሮው ዓይኖቹን ሸፈነ።

ነቃሁ። ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ አልጋዬ ላይ ተዘርግታ ነበር። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ በቁጣ ታየኛለች።

«ማን ነው የማይገባው? ምን ሆነሽ ነው ቤቱን በጩኸት የምታናጊው? ሰው መንገድ ወጥቶ በጠዋቱ አታሟርቺ!»

«ማን ነው መንገድ የወጣው?»

«ወንድምሽ ነዋ!»

በባዶ እግሬ ወደ ግቢ ሮጥሁ። በግንቡ ላይ ተደግፈው የነበሩት ታላላቅ ጎማዎች የሉም። ፒክአፑም የለም። በቆመበት ቦታ ላይ የድሮዎቹ ጎማዎች ተደርድረው፣ እማዬ በላያቸው ሰፌድ አስቀምጣ በርበሬ አስጥታባቸዋለች።

«ጎሚስታው በማለዳ መጥቶ ገጠመለት» አለችኝ ከኋላዬ እየመጣች። «አቤት ማማሩ! አቤት ቁመቱ! ጋቢና ሊወጣ ሲል "እማዬ፣ መሰላል አቀብይኝ" እያለ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ። ይኸኔ ጣርማ በርን አልፏል።»

ስልኬን አንሥቼ ደወልሁ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ተቋረጠ። እንደገና ደወልሁ።

«ሲነዳ መች ያነሣል? ተይው፣ አታባክኚው» አለች እማዬ፣ በርበሬውን በእጇ እየበተነች።

«እማዬ» አልኋት። «ማታ ይገባል?»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ይገባል ያልሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ!»