አንቱ የተባለች ሚስት

ትዳር ሰውን ያሳድጋል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ ትዳር ሲያሳድግ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ቦርጭ ነው። አንድ ሰው ግን፣ ያውም ሽበት ካወጡ በኋላ፣ በአንድ ጠዋት ሲያድጉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን በያዘበት ዘመን ጎረቤታችን የነበሩት ጋሼ ከፈለ ትእዛዝ የሚባል ነገር ከማንም አይቀበሉም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እንደ አገሩ ወግ «አንቱ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «አንቺ»። ለአርበኞች ስንቅ የሚልኩት ግን አብረው ነበር።

ይህንኑ አንዱ አሳብቆ ኖሮ፣ ማሽላ ስንወቃ በበቅሎ የመጡ ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር አውድማው ላይ ደረሱ። ከፈለ የሚባለውን ሊሰቅሉት ይፈልጉታል። ጋሼ ከፈለ ገለባ ለብሰው፣ መንሽ ይዘው ቆመዋል። «እኔ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ አስካለ ቀደሟቸው።

«ባለቤቴ አጣዬ ገበያ ሄደዋል። ይሄ አሽከራችን ነው።»

አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው። የሸዋ ባላገር ሴት ባሏን አንተ እንደማትል አሳምሮ ያውቃልና አፍ አፋቸውን ያያል።

«አንተ፣ ምን ይገትርሃል? የጌቶችን በቅሎዎች ወስደህ ውሃ አጠጣ» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው ንቅንቅ ሳይል።

ያ ሁሉ ኩራት የት እንደገባ እንጃ፣ ጋሼ ከፈለ አንገታቸውን ደፍተው «እሺ እመቤቴ» አሉና በቅሎዎቹን እየጎተቱ ወደ ወንዝ ወረዱ። የወንዙ ዳር ጫካ ነው፤ ሰው ከገባበት አይገኝም። እትዬ አስካለ የላኳቸው እንዲያመልጡ መሆኑ ልጁ እኔ እንኳ ገብቶኛል። ጥቂት ቆይተው ግን በቅሎዎቹን አጠጥተው ተመለሱ። ወታደሮቹም ከፈለን ፍለጋ ወደ አጣዬ ገሠገሡ።

እትዬ አስካለ ገለባው ላይ ተቀመጡ። «ለምን ተመለስክ?» አሉ። ምላሳቸው ገና ከአንተ አልወጣም።

«አሽከሩ ከነበቅሎው ቢጠፋ አንቱን ነዋ የሚሰቅሉት» አሏቸው።

በሰው እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጋሼ ከፈለ ከዚያ ወዲያ ሚስታቸውን አንቱ እንዳሉ ኖሩ። መንደሩ ሳቀባቸው፣ እሳቸው አልሰሙም። ሲጣሉ እንኳ የሚጣሉት በአንቱ ነበር። እኔም ቀናሁና፣ ትዳር ከያዝኩ በኋላ አንድ ቀን ባለቤቴን «አንቱ» ብላት፣ «ደግሞ ምን አጥፍተህ መጣህ?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኔ ከየትኛው ወንዝ ተመለስኩላት?