በእኔ ስም የተለቀሰ እንባ

ሰውን ማሳመን ራሱን የቻለ እንጀራ መሆኑን ያወቅሁት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ብዙ የሚናገር ሰው አይታመንም ነበር። አባቴ ሽምግልና ተቀምጦ ሦስት ቃል ከተናገረ በዛበት ይባላል። ዛሬ ግን ይኸው እንደምታዩት ነው፤ ሳሙና ሻጩ በድምፅ ማጉያ ይለማመጣችኋል፣ የማታውቁት ሰው ደውሎ ሽልማት ደረሰህ ይላችኋል፣ ለምርጥ ዘር የሚመጣው ልጅ እንኳ ስለ ዘሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ጤናችሁ አሥር ጊዜ ይጠይቃችኋል። ይህ ሁሉ ያናድደኛል። ብዙ ነገር ያናድደኛል፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ትምህርት ቤት ነበር። ልጄ ማርታ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሦስት እስክሪብቶ ስታሰምርበት አገኘኋት፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ። ምንድን ነው ብላት፣ ሰው ፌስታል መጠቀም እንዲተው የሚመክር ጽሑፍ ነው አለች። ጸሐፊው አንጀት የሚበላበትን በቀይ፣ እኔን እመኑኝ የሚልበትን በሰማያዊ፣ ማስረጃ የሚያቀርብበትን በአረንጓዴ ታሰምራለች። ታዲያ አንቺ ፌስታሉ ይቅር ነው የምትዪው ወይስ አይቅር? አልኳት። አስተማሪው እሱን አልጠየቀንም፤ የጠየቀን ሰውየው ለማን እንደሚናገር፣ በምን እንደሚገፋንና ምን ሳይናገር እንዳለፈ ነው አለች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ልጄን የላክኋት እንግሊዝኛ እንድትችል እንጂ የሰው ንግግር ኪስ እንድትፈትሽ አይደለም። ይህንኑ ነግሬያት ወደ ጓሮዬ ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ጓሮዬ መዓት መጣበት። ከላያችን የሚሠራው የጠጠር መንገድ ጎርፉን የሚያወርድበት ቦይ ይፈልጋል፤ ቀያሾች እኔ በሌለሁበት መጥተው ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በእንሰቴ መሐል ተክለው ሄዱ። እንሰት በቆሎ አይደለም፤ ዘንድሮ ቢቆረጥ ለከርሞ አይደርስም። ባለቤቴ ስንት ዓመት ፍግ እየተሸከመች ያሳደገችው፣ በክፉ ወር ቤታችንን የሚያቆመው እሱ ነው።

አቤት ለማለት ቦዲቲ ከተማ ወረድኩ። በገበያው ዳር፣ በተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ የሚጽፍ አቶ ዳና የሚባል ሰው አለ። ስሜንና ቀበሌዬን ጠየቀኝ፣ ችካል መተከሉን ነገርኩት፤ በቃኝ አለ። ከዚያ ሁለት ገጽ ሳያቆም ጻፈ። ሲጨርስ ድምፁን እያንቀጠቀጠ አነበበው። ወረፋ የያዙት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዲት እናት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔም ምስኪን! ብዬ ፈረምኩ። ያ ያሳዘነኝ ሰው እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ በባጃጅ ስመለስ ነው።

ቤት ስደርስ ማርታ ማመልከቻውን እናቷ እንድትሰማው ወደ ወላይትኛ እየመለሰች አነበበችላት። "ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ አቅመ ደካማ አዛውንት ስሆን፣ እንባዬን እንደ ክረምት ዝናብ እያፈሰስኩ፣ የድሆች አባት ከሆኑት ከክቡርነትዎ እግር ሥር ወድቄ…"

ባለቤቴ የምትፍቀውን እንሰት ትታ ቀና አለች። "ጧሪ የለኝም ካለ፣ እኔና አንቺ እዚህ ቤት እንግዶች ነን ወይ በይልኝ" አለቻት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ማርታ ሳትጠይቀኝ እስክሪብቶዎቿን አወጣች። ስትጨርስ ወረቀቱ በርበሬ የተሰጣበት መስሏል። አረንጓዴ ያገኘው የቀበሌያችን ስም ብቻ ነው።

"አባ፣ ጎርፉ በየት መሄድ እንዳለበት አንድም ቦታ አልተጻፈም" አለች።

ልክ መሆኗ ነው ያበሳጨኝ። ዛሬም በራሴ ክንድ አርሳለሁ፤ የማንም እግር ሥር ወድቄ አላውቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ይህ ግን ከማን አንጀት እንደወጣ የማይታወቅ፣ ፊርማዬ ብቻ ያለበት እንባ ነው። ዳናን ረገምኩ፣ የፈረመውን እጄንም ረገምኩ። ከዚያ፣ በይ አንቺ ጻፊው አልኳት፣ አትችልም ብዬ።

እንደ ዳኛ ትጠይቀኝ ጀመር። የሚያነበው ማን ነው? መሐንዲስ ነው። መሐንዲስ እንባ ምን ያደርግለታል፣ መጥቶ የሚያየው ቦታ እንጂ? ድሮ ውሃው በየት ነበር የሚወርደው? ተያይዘን ሄድን። ከችካሎቹ በታች በድንበሬ ዳር የድሮው መውረጃ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወንዝ ይገባል። በእርምጃ ለካን፣ የሚያውቁትን ጎረቤቶች ስም ጻፈች። ቤት ተመልሰን ስንቀመጥ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"መውረጃውን ማን ዘጋው?"

ጎንበስ ብዬ የእግሬን አፈር አራገፍኩ። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ደርቆ ስለከረመ ለመስቀል ለማደልበው ሰንጋ የዝሆን ሣር ተክዬበታለሁ። የወላይታ ሰው ለሰንጋው ሲል ምን ያህል ዓይኑን እንደሚጨፍን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀያሾቹም መውረጃውን ያላዩት ሣሬ ሸፍኖት ነው።

"እሱ አይጻፍ" አልኩ።

"መጥተው ያዩታል፣ አባ። ያን ጊዜ እውነቱንም አያምኑልንም።"

"በአባትሽ ላይ ልትመሰክሪ ነው?"

"የምትናገረው አንተ ነህ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ።"

ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ዱላዬን እንኳ ሳልይዝ ከቤት ወጣሁ፤ የምሄድበት ስላጣሁ ተመለስኩ። ክርክሩን የጨረሰችው እናቷ ናት። ሣሩ የበሬ ነው፣ እንሰቱ የልጆቼ ነው አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ስድስት መስመር ብቻ ባለው ማመልከቻ ላይ ፈረምኩ። የመጨረሻው፣ "መውረጃውን ሣር ተክዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ጉልበት እከፍተዋለሁ" ይላል።

ቢሮዋ ድረስ ወረቀቱን የወሰድኩላት መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት። ቆማ አነበበችው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ደግማ አነበበችው። ማን ጻፈልዎት አለችኝ። ልጄ አልኩ፣ አለቀልኝ ብዬ። በማግሥቱ መጣች፤ ደረቷ ድረስ በሚደርሰው ሣር ውስጥ ገብታ የመውረጃውን ወለል በእግሯ ዳሰሰች። ችካሎቹን አስነቅላ እዚያው ሣሩ መሐል አስተከለቻቸው። ለማጽዳት አንድ ሳምንት ሰጠችኝ።

ይኸው እየነቀልኩ ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ የሚያርፍበት ሰው ነው ያጣሁለት። በዳና እንዳልቆጣ፣ ሰምቼ ፈርሜለታለሁ። በቀያሾቹ እንዳልቆጣ፣ የሸፈንኩባቸው እኔ። በልጄ እንዳልቆጣ፣ ምሳ የምታቀርብልኝ ከዚያው ከእንሰቱ ነው። ሰንጋው ብቻ ጠዋት ጠዋት እያለቀ የሚሄደውን ሣሩን ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። አንዲት ቃል አይተነፍስም። ዘንድሮ ካጋጠሙኝ ተሟጋቾች ሁሉ መልስ ያጣሁለት እሱ ነው።